በትራስ የተሸከምኩት ኒሻን

እኛ ጎባዎች አዲስ አበባን የምናውቃት ሄዶ ከተመለሰ ሰው አፍ ነው። የሄደውም መርካቶንና ሆስፒታልን አይቶ ይመለሳል። እኔ ሁለቱንም አላየሁም። የሄድኩት የካ ክፍለ ከተማና እንጦጦ ነው፤ የወሰደኝም የአያቴ ኒሻን ነው። ኒሻኑ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ስለሆነ፣ ምን ገጥሞኝ እንደተመለስኩም አገር ይወቀው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አዲስ ሰው ካለ ከሥሩ ልጀምርለት። አያቴ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ኮሪያ ዘምቷል። እንደነገረን ከሆነ ቆስሎ የወደቀ ጓደኛውን በጥይት መሀል ተሸክሞ ከተራራ አወረደና ለጀግንነቱ ኒሻን ተሸለመ። ግራ እግሩን የሚያነክሰውም ያኔ ስለተመታ ነው። ከኒሻኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ጎድጎድ ያለች ምልክት አለች፤ እሷን ደግሞ የጥይት ፍንጣሪ ናት ይለን ነበር። ሲሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኒሻኑን ቀይ ከፋይ ትራስ ላይ አድርገው አስያዙኝና ከሬሳው ፊት ፊት ሄድኩ። የከተማው ሰው ትራሱን እያየ ነበር የሚያለቅሰው። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ።

ባለፈው ዓመት የእድር ሴቶች በሆነ ባልሆነው ሲጣሉ አንዷ እናቴን “የአባትሽ ኒሻን ከመርካቶ የተገዛ ነው!” አለቻት። እናቴ ከጠብ ፊት የምትሸሽ ሴት አይደለችም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዋን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ልቧ ታመመ፣ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ እንጃ ሲለን እኔን ጠራችኝ።

“ብርቄ፣ አዲስ አበባ ሂጂና የኒሻኑን ወረቀት ፈልጊልኝ። ሳልሞት ማወቅ አለብኝ።”

“ፎቶ አንስቼው ልሂድ፤ ዕቃው በመንገድ ቢጠፋስ?”

“ራሱን ይዘሽ ሂጂ። ፎቶ አይበቃም።”

የታመመ ሰው ነው ብዬ አልተከራከርኩም። በመሀረብ ጠቅልዬ ከደረቴ ሥር ከተትኩት።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳ። ሮቤን፣ ዶዶላን አልፈን አሳሳ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫው ራሱ የተበሳ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ሾፌሩ የሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ገብስ ማሳ ዳር ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ከማዶ ያለች አንዲት ገበሬ እኛን አይታ በሰፌድ ሙሉ የተቀቀለ ድንች ከነጨውና ሚጥሚጣው ይዛ መጣች። ጾም መሆኑን እንኳ አስባ ነው፤ ራሷ እስላም ናት። ላመሰግናት ስል “ልጆቼም ነገ መንገደኛ ይሆናሉ” አለችኝ በኦሮምኛ። ከዚያ በኋላ በጉዞዬ የበላሁት ሁሉ ድንቹን አላከለም።

ቃሊቲ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከዚያ በሚኒባስ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ የካ አባዶ። የጎባ ሰው ከተማውን ዳር እስከ ዳር በእግሩ ጨርሶ ምሳውን ይበላል፤ እዚህ ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ አሁንም አዲስ አበባ ነኝ። ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ሰብለ ዘንድ ነው። አስተማሪ ናት፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ስለሚመጣ መተላለፊያው ጄሪካን በጄሪካን ነው። እኔ በጄሪካኖቹ ተደናቅፌ ጉልበቴን ላጥኩ። እሷ ግን እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ፤ ያውም በዚያች በተቆጠበች ውሃ። አልጋዋን ለቃልኝ መሬት ተኛች። እምቢ ብላት “ዝም በይ፣ ወደሽ ነው!” አለችኝ።

ሐሙስ

ሰብለ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። ታክሲ ለመያዝ የቆመውን ሰልፍ ሳይ ቀብር ያለ መሰለኝ። አንድ ሺህ ሰው ቆሞ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። እኛ ጋ ሦስት ሰው ከቆመ ሐሜት ይጀመራል። ወንበር ሳገኝ ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝና መውረጃዬን አሳለፈኝ፤ ስነቃ ሲኤምሲ ነኝ። ግቢው ሁሉ ግንብ፣ ግንቡ ላይ ሽቦ። መንገድ የምጠይቀው ሰው ሳጣ አንድ ዘበኛ እስከ ባቡሩ ፌርማታ ድረስ ሸኘኝ።

የዘማቾች መዝገብ ያለበት ቢሮ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እዚያ ያገኘኋት ልጅ ትሑት ናት፤ ሻይ አዘዘችልኝ። ስሙን ከነአባቱ ነገርኳት። ወፍራም መዝገብ አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

“አሉ፣ እትዬ። ሃምሳ አለቃ ተሰማ። ዘምተዋል፤ ቆስለዋልም ይላል።”

“ኒሻኑስ?”

“ኒሻን በሚለው በኩል ምንም አልተጻፈም።”

“ተሳስተው ነዋ የተዉት! ደግመሽ እይው!”

ደግማ አየችው። መዝገቡን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። ከአያቴ በላይም ከአያቴ በታችም ለተጻፉት ተሞልቷል፤ የአያቴ ብቻ ባዶ ነው። እንግዲህ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የመዝገብ ባዶ ቦታ አንዳንዴ ስንፍና ነው፣ አንዳንዴ ግን መልስ ነው። ይህን ጠንቅቄ እያወቅሁ ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። “እናቴ እየሞተች ነው! እናንተ ለመሙላት ሰንፋችሁ የሰው ስም ታጠፋላችሁ!” አልኳት። እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም እኮ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። አስጨረሰችኝና በቁራጭ ወረቀት ላይ የአንድ ሽማግሌ ስም ጻፈችልኝ። ሻምበል ባሻ ለገሠ፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የዘማቾች ሰፈር።

“ያኔ ከዘመቱት መካከል ሰው የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ቶሎ ይሂዱ፤ አርጅተዋል” አለችኝ።

ዓርብ

ሰብለ በሽሮ ቁርሴን አብልታ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛልኝ ሸኘችኝ። የዘማቾቹ ሰፈር ከተራራው ሥር ነው። ግማሹ ፈርሷል፤ ያልፈረሱት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቁጥር ተጽፏል። አቀበቱን የኛ አገር ሰው ነኝ ብዬ ንቄው ነበር። ጫማዬ ግን የከተማ ልሁን ብዬ የገዛሁት ነው፤ ጭቃው ላይ ማሰሪያው ተበጠሰ። ከላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ፤ ወገባቸው ከመጉበጡ የተነሳ ፊታቸው አይታይም። ከመካከላቸው አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ከጭራሮው ማሰሪያ ላይ ቆርጣ ጫማዬን አሰረችልኝ። ገንዘብ ላውጣ ስል ተቆጣች።

ሻምበል ባሻ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን የወጣት ነው። ከደጃቸው ፀሐይ ላይ ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል።

“ከጎባ ነው የመጣሁት፤ የሃምሳ አለቃ ተሰማ የልጅ ልጅ ነኝ” አልኳቸው።

“ተሰማ! ነፍሱን ይማረው። ግቢ ልጄ፣ ግቢ።”

ኒሻኑን ከመሀረቡ ፈትቼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። አላዩትም፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ያቺን ጎድጎድ ያለች ቦታ ሲያገኟት ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ተቋረጠ።

“ይቺን ምን ነች አላችሁ?”

“የጥይት ፍንጣሪ።”

“ኧረ የምን ፍንጣሪ! በኔ ሰርግ ላይ የቢራ መክፈቻ ጠፋ። ጓደኛችን ወርቁ ኒሻኑን ከደረቱ ነቅሎ ጠርሙስ ከፈተበት። አለቃችን ሊያስሩት ነበር። ይህ የወርቁ ነው፣ ልጄ። ይህን የት አገኘሽው?”

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። “አያቴ ጓደኛውን ተሸክሞ በማውረዱ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ተሸካሚው ወርቁ ነው። ጀርባው ላይ የነበረው አያትሽ ነው። እግሩን ተመቶ ሲጮህ እኔም ሰምቼዋለሁ። እንተወው ተባለ። ወርቁ አልተወም።”

ሽማግሌው እያረፉ ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ የንጉሥ ኒሻን ቤት መገኘቱ ያስጠይቅ ነበር። ወርቁ ፍተሻ እንደሚመጣበት ሲሰማ ኒሻኑን ለተሰማ በአደራ ሰጠው፤ ተሰማ በዚያው ሰሞን ወደ ጎባ ተዛወረ። ወርቁን ወሰዱት፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አይታወቅም።

“አያቴ ለምን አልመለሰም?”

“መጀመሪያ ፈርቶ ነው፤ ያኔ ማን ያልፈራ አለ? ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን ምን አስፈራው? እኔም ጎባ ላይ ደረቱ ላይ አድርጎ ታየ ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። የእኔም ዝምታ ኃጢአት ነው።” ኒሻኑን መሀረቡ ላይ መለሱልኝ። “የወርቁ ልጅ አስካለ ከዚህ ከፍ ብላ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ናት። ወረቀቱ እሷ ጋ አለ። ልትሄጂ ትችያለሽ፤ ልትተዪውም ትችያለሽ። ማንም አላየሽም።”

ያን ቀን አልሄድኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ቃሊቲ አውቶቡስ ተራ ልመለስ አስቤ ነበር። ለእናቴ “ወረቀቱ ጠፍቷል” ብላት በሰላም ትሞታለች፣ ኒሻኑም ሳጥኑ ውስጥ ይኖራል፣ አልኩ። ሰብለ ያቀረበችልኝን ፓስታ አልነካሁትም። ነገሩን ስነግራት ሹካዋን አስቀምጣ “እኔ ብሆን ወደ ተራራው አልመለስም ነበር” አለች። ሳህኔን እያነሳች ደግሞ “ግን እኔ አይደለሁማ” አለችኝ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። አስካለ ከስልሳ ዓመት በላይ ናት። ቤቷ ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል። የካ አባዶ ጎረቤት ብትጣራ ላይሰማህ ይችላል፤ እዚህ ደግሞ የዛፉ ድምፅ ሌላ ነገር አያሰማህም። ማን መሆኔን ሳልናገር ገና በር ላይ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችኝ። “አቀበቱ ያደርቃል፤ መጀመሪያ ጠጪ” አለችኝ። ጠጣሁ። ከዚያ የተሰማ የልጅ ልጅ መሆኔን ነገርኳት። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆመች።

“ምን ልታደርጊ መጣሽ?”

መሀረቡን ፈታሁት። ቀረብ ብላ አላየችም። ከግድግዳው ላይ የአባቷን ፎቶ አወረደች፤ ከፍሬሙ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። መነጽር የላትም፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ ያዘች።

“ከጀርባው ቁጥር አለ። አንብቢልኝ።”

“ሰባት።”

“ሰባት” አለች ከወረቀቱ ላይ።

“ሦስት።”

“ሦስት።”

“ዜሮ… ሁለት።”

ቁጥሩ ገጥሟል፤ የመጨረሻውን አልደገመችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቁጭ አለች። እኔ የመጣሁት ወረቀት ፍለጋ ነበር፤ ወረቀቱ ተገኘ። ስሙም ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ አሥር አለቃ ወርቁ።

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አስካለ ግን የምትናገረው በዝግታ ነው። “አባቴን ሲወስዱት ማልቀስ ክልክል ነበር። ደርግ ሲወድቅ እናቴ ልቅሶውን እናውጣ አለች። ሬሳ የለንም። ሬሳ ከሌለ ደግሞ የሟቹን ዕቃ ይዘሽ ነው የምታለቅሺው፤ ኒሻኑን፣ ልብሱን። እናቴ ጎባ ድረስ ሄደች፤ አያትሽ አላውቅም አላት። ‘ወርቁ ራሱ ይዞት ሄዷል’ አላት። ካፖርቱን ወንበር ላይ ሰቅለን አለቀስን። ሰዉ ‘ኒሻን አለው ሲሉ አልነበር?’ እያለ ይንሾካሾክ ነበር። እናቴ እስክትሞት ከዚያ ወሬ አልወጣችም።”

የባሰውን መደበቅ አልቻልኩም። “እትዬ አስካለ፣ አያቴ የሞተ ዕለት ኒሻኑን በትራስ ይዤ ከሬሳው ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ” አልኳት። እንባዬ አፌ ውስጥ ይገባል። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር።

“ትራሱ ምን ዓይነት ነበር?”

“ቀይ። ከፋይ።”

“ሰው ብዙ ነበር?”

“ከተማው በሙሉ።”

ራሷን ነቀነቀች። “በደንብ ነው የቀበራችሁት” አለች። ከዚያ ተነስታ ፎቶውን መልሳ ሰቀለች፤ እየሰቀለች ሳታየኝ ተናገረች። “ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ለእሱ እንደያዝሽው ለአባቴም ያዥልኝ። ሌላ ካሣ አልፈልግም።”

እሑድ

ከፋይ ትራስ አልተገኘም። አስካለ የአልጋ ትራሷን በነጭ ነጠላ ሸፈነችው። ቤተ ክርስቲያኗ ከተራራው ወገብ ላይ ናት፤ በእናቷ መቃብር ራስጌ፣ አፅም በሌለበት፣ የአባቷን ስም ድንጋይ ላይ አስጽፋለች። አራት ሰዎች ነበርን። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ አስካለ ካፖርቱን በክንዷ ላይ አጥፋ፣ ከዚያ ሻምበል ባሻ የራሳቸውን ኒሻኖች ደርድረው፣ ሰብለ ደግፋቸው። እሑዷን የምትተኛው ሰብለ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ አብራኝ መጥታለች።

ጭራሮ ተሸካሚዎቹ ከላይ ሲወርዱ አገኘናቸው። ትራሱን ሲያዩ ሸክማቸውን አወረዱ። ዓርብ ጫማዬን ያሰረችልኝ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ “ማን ሞቶ ነው?” ብላ ጠየቀች።

“አባቴ” አለች አስካለ።

“ውይ! መቼ?”

“ቆይቷል።”

ሴቶቹ ሸክማቸውን መንገድ ዳር ትተው ተከተሉን። ስምንት ይሆናሉ፤ ወርቁን አንዳቸውም አያውቁትም። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ትራሱን ተንበርክኬ አኖርኩ። ሻምበል ባሻ ከዘራቸውን ለሰብለ ሰጥተው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ፤ እጃቸውን ሳያወርዱ ብዙ ቆዩ። “ወርቁ፣ አምጥተንልሃል። ዘግይተናል” አሉ። አስካለ ያን ጊዜ ጮኸች። ሠላሳ ምናምን ዓመት የታፈነ ልቅሶ ነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም አያሰማኝ። ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱላት። እኔ ለማን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

ስሰናበታት አስካለ አልሳመችኝም። ለመንገድ ብላ ዳቦና በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ውሃ ሰጠችኝ።

ሰኞ

በመልሱ ጎማም አልፈነዳም፣ ማንም ድንች አላመጣም። ጎባ ስደርስ መሽቶ ነበር። እናቴ ትራስ ተደርጎላት ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። በመንገድ ሙሉ ምን እንደምላት ሳወጣ ሳወርድ ነው የመጣሁት፤ በሩን ስከፍት አንዱም አልቀረልኝም።

“ወረቀቱ ተገኘ?”

“ተገኘ እማዬ።”

“የማን ስም አለበት?”

እኔ እኮ “ምን ይላል?” ነበር የጠበቅሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። “የወርቁ” አልኳት።

“ዕቃውስ?”

“ለልጁ ሰጠኋት።”

“እሰይ” አለች። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። “እሰይ፣ ልጄ።”

“ታውቂ ነበር?”

“አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ አላውቅም ሲላት አጠገቡ ቆሜያለሁ። ኒሻኑ ከኋላችን ሳጥን ውስጥ ነው። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ አንድ ቃል ትናገራለች ብላ ጠበቀችኝ። አባቴ ነው፣ ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዞራ ሄደች። ያን ጊዜ የሁለት ቀን መንገድ ለመጣች ሴት ውሃ እንኳ አላቀረብኩላትም።”

“ታዲያ ለምን ወረቀት ፈልጊ ብለሽ ላክሽኝ?”

“መልሺ ብዬ ብልክሽ ለምን ትይኛለሽ። ልነግርሽ አፈርኩ። ወረቀቱ ይንገርሽ አልኩ።”

ይህን ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላት። ለእድሩ ይነበብ ያለችው ራሷ ናት፤ ያቺ የሰደበቻት ሴትም ትስማ ብላለች። አያቴን ባወረድኩበት ቦታ ሁሉ ታስቆመኛለች ብዬ ነበር፤ አላስቆመችኝም። ያን ቀን ትራሱን ተከትላችሁ ያለቀሳችሁት እንባ የወርቁ መሆኑን ንገሪያቸው ስትለኝ እሺ አልኳት። ያስተካከለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ስጽፈው ስለ እሷ አዝኜ “ሴትዮዋ ስትመጣ አያቴ ብቻውን ነበር” ብዬ ነበር። እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

“ሰርዢው” አለች። “በሩ ላይ እኔም ቆሜ እንደነበር ጻፊ።”

ጽፌያለሁ።